«ታይፎይድና ታይፈስ ከደሜ አልወጣ አለኝ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄውን ላላየው ሰው ባጭሩ ልድገመው። ጠያቂው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ ማሾና ሽንኩርት ይነግዳል፣ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል አንዳንዴም እዛው ያድራል። ባለፈው አንድ ዓመት አራት ጊዜ ብርድ ብርድ ብሎት፣ ራሱን ፈልጦት፣ ቁርጥማት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ አራቱንም ጊዜ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብሏል። መጀመሪያ ሲፕሮ ወሰደ፣ ሁለቴ ዶክሲ ወሰደ፣ አሁን በመጨረሻው ሰባት ቀን ሙሉ ሴፍትሪያክሶን ተወጋ ከሱ ጋር ዶክሲም ተደረበለት። ሲወስድ ይሻለዋል፣ ሁለት ሶስት ወር ቆይቶ ደግሞ ይመጣል። ባለቤቱ «አንዴ ደም ውስጥ ከገባ አይወጣም» ትለዋለች፣ እናቱ ሸንኮራ ዮሐንስ ሄደህ ተጠመቅ ይሉታል፣ እሱ ደግሞ የሚጠይቀው መድኃኒቱ ተላምዶኝ ነው ወይ፣ ከዚህ የጠነከረ መርፌ የቱ ነው፣ ለልጆቼስ ይተላለፋል ወይ ብሎ ነው።

እኔ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ደም ስቀዳና ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሬ የኖርኩ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝልህም። ግን ያቺን «ፖዘቲቭ» የምትል ወረቀት የምንጽፋት እኛ ስለሆንን ስለሷ መናገር እችላለሁ።

እንግዲህ ሳላለባብስ ልንገርህ፣ አራት ጊዜ ታይፎይድ ይዞሃል ብዬ አላምንም። አራት ጊዜ ታይፎይድም ታይፈስም አንድ ላይ ይዘውሃል የሚለውን ደግሞ ጭራሽ አላምንም። ሁለቱ ስማቸው ነው እንጂ የሚመሳሰለው ዝምድናም የላቸውም። የድሮ ሰው ሁሉንም «ተስቦ» ይለዋል፣ ፈረንጆቹም እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ አይለዩዋቸውም ነበር እንደውም «ታይፎይድ» ማለት ራሱ «ታይፈስ መሳይ» ማለት ነው። ታይፎይድ ሳልሞኔላ ታይፊ የምትባል ባክቴሪያ ነች፣ ከሰው ሰገራ ወደ ውሃና ምግብ ገብታ በአፍህ ትገባለች። ታይፈስ ደግሞ የሰውነት ቅማል የምታመጣው ነው፣ ልብስ ስፌት ውስጥ የምትኖረዋ ቅማል ኩሷን ጥላብህ አንተ ስታክ በቆዳህ ጭረት ይገባል። አንዱ በአፍ አንዱ በቆዳ የሚገባ በሽታ አንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በዓመት አራቴ ተገጣጥሞ ሲመጣ ሎተሪ እንኳን እንደዚህ አይወጣም።

ታዲያ ወረቀቱ ለምን ፖዘቲቭ አለ? ምርመራውን እንዴት እንደምንሰራው ልንገርህና አንተው ፍረድ።

ደምህን ቀድቼ ሴንትሪፊዩጅ ላይ አሽከረክረዋለሁ፣ ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል፣ ሴረም እንለዋለን። ያንን ክብ ክብ የተሰራበት ስላይድ ላይ ጠብ ጠብ አደርጋለሁ። ከዛ ከፍሪጅ ከወጡት ትንንሽ ጠርሙሶች፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ናቸው፣ ውስጣቸው የተገደለ ባክቴሪያ ነው ያለው፣ ከየአንዳንዳቸው አንዳንድ ጠብታ እጨምርበታለሁ። በስንጥር አዋህደዋለሁ፣ ስላይዱን በእጄ እያወዛወዝኩ አንድ ደቂቃ አያለሁ። ደምህ ውስጥ አንቲቦዲ (ሰውነትህ ጀርም ሲዋጋ የሚሰራው መከላከያ) ካለ ነገርየው እንደተበላሸ ወተት ቁርጥርጥ ይላል። በቃ፣ ይሄ ነው። ለታይፎይዱ ዊዳል ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1896 የወጣ ነው፣ ለታይፈሱ ዌል ፌሊክስ ይባላል፣ 1916 ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ወታደሩ በታይፈስ ሲረግፍ የተገኘ ነው። የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ምርመራ ነው ስልህ ለማጋነን አይደለም።

አንድ ደቂቃ ያልኩትን ልብ በል። ስልክ ከተጠራ፣ ሌላ ታካሚ በር ላይ ከቆመ፣ ሶስት አራት ደቂቃ ቆይተህ ስትመለስ የጠብታው ጠርዝ ደርቆ የተቋጠረ ይመስላል። ፖዘቲቭ! መብራት ጠፍቶ ሪኤጀንቱ (ጠርሙሶቹ ውስጥ ያለው መመርመሪያ) ፍሪጅ ውስጥ ሞቆ ካደረም ያው ነው፣ ምን እንደሚያሳይህ እሱ ነው የሚያውቀው።

እኔ ራሴ ጀማሪ እያለሁ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ስሰራ (ስሙ ይቅር) በቀን ሃያ ሰላሳ እንደዚህ አይነት ስላይድ አወዛውዝ ነበር። ነጌቲቭ ሳበዛ ባለቤቱ ጠርቶ «ሰው ታሞ መጥቶ ምንም የለብህም ብለህ ባዶ እጁን ትሸኘዋለህ?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ከዛ በኋላ ግን ትንሽ አጠራጠረ ያልኩትን ሁሉ ፖዘቲቭ እጽፍ ነበር፣ ይሄን ስጽፍልህ ደስ ብሎኝ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት ስራ ሲቀዘቅዝ የራሴን ደም፣ የዘበኛውንና የጽዳት ሰራተኛዋን ደም ወስጄ ሰራሁት፣ ሶስታችንም ጤነኞች ነን፣ ምሳችንን ጥርግ አድርገን በልተን የተቀመጥን። የኔ 1 ለ 160 ወጣ፣ ፖዘቲቭ ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር ነው። የዘበኛው ታይፎይዱም ታይፈሱም አለበት። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ።

ነገሩ ምን መሰለህ፣ ዊዳል ባክቴሪያዋን አያያትም። የሚያየው ሰውነትህ እሷን ወይም እሷን የምትመስል ሌላ ባክቴሪያን አንድ ጊዜ ሲዋጋ የሰራውን አንቲቦዲ ነው። ደብረ ብርሃን ጠዋት ስትነሳ በርህ ላይ የጅብ ኮቴ ብታይ ጅብ ሌሊት አልፏል ትላለህ እንጂ ጅቡ አሁን ሳሎን ተቀምጧል አትልም አይደል? ኮቴው የትልቅ ውሻም ሊሆን ይችላል። እንደኛ አገር ውሃው እንደነገሩ የሆነበት ቦታ ያደገ ሰው ይሄ አንቲቦዲ በደሙ ቢገኝ ምንም አይገርምም፣ ከታከመም በኋላ ለወራት ይቆያል፣ ወባና ሌላ ኢንፌክሽንም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ባለቤትህ «ከደም አይወጣም» ያለችው እንግዲህ ኮቴውን አይታ ነው፣ ልክ ነች ኮቴው ቶሎ አይጠፋም። ዌል ፌሊክስ ደግሞ ይባስ፣ እሱ የሚጠቀመው የታይፈሷን ጀርም እንኳን አይደለም፣ በአጋጣሚ እሷን የሚመስል ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፣ ያ ደግሞ አንጀት ውስጥ የሚኖር የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ነው። ስለዚህ «መጥፋቱን ላረጋግጥ» ብለህ ድጋሚ ዊዳል ለመሰራት ብር አታውጣ። ምንም አያረጋግጥልህም።

እሺ፣ «ግን መድኃኒቱን ስወስድ ይሻለኛል እኮ» ትለኛለህ። ሁሉም ሰው የሚለኝ ይሄንኑ ነው፣ የኔም ጥርጣሬ የጀመረው እዚሁ ላይ ነው።

ሲፕሮ ብቻ የወሰድክበት የመጀመሪያው ምናልባት ጉንፋን ቢጤ ቫይረስ ይሆናል፣ ሲፕሮ ብትወስድም ሽሮ ብትበላም በሳምንቱ የሚለቅ። ሌሎቹ ሶስቱ ላይ ግን ዶክሲ አለ። ዶክሲሳይክሊን ለታይፈስ ይሰጣል እውነት ነው፣ ግን ሌላም ስራ አለው፣ ወባን ቀስ ብሎ ይመታል። ዶክሲ ግርሻ ለሚባለው የቅማል በሽታም ይሰራል፣ ብሩሴሎሲስ ለምትባለው ሌላ የትኩሳት በሽታም ግማሽ ግማሹን ይሰራል። ማለት የፈለግኩት በስህተት የተተኮሰ ጥይት ሌላ አውሬ ሊመታ ይችላል፣ ይመታዋል ግን አይገድለውም፣ አቁስሎ ይለቀዋል፣ ሁለት ወር ቆይቶ ይመለስብሃል።

አንተ ደግሞ በየሳምንቱ ጣርማ በርን አልፈህ ደብረ ሲና ስትደርስ ጋቢህን የምታወልቅ ሰው ነህ። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1300 አካባቢ። በሁለት ሰዓት መንገድ ወባ ከሌለበት አገር ወባ ያለበት አገር ገብተህ አድረህ ትመለሳለህ። የታመምከው ደብረ ብርሃን ሆነህ ነው፣ ክሊኒኩም ደብረ ብርሃን ነው፣ «እዚህ ወባ የለም» ተብሎ ጣትህን የወጋህ ሰው የለም። በጥያቄህ ውስጥ አራት ምርመራ ቆጥረህ ስትነግረኝ አንዱም የወባ ምርመራ አይደለም፣ ሁለቴ መልሼ አነበብኩት።

እኛ አገር በብዛት ያለው ወባ ሁለት አይነት ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው ነው፣ ቶሎ የሚገድለው። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ተንኮለኛው ነው፣ ከደምህ ተጠርጎ ቢወጣ እንኳን ጉበትህ ውስጥ ገብቶ የሚተኛ ዘር አለው፣ ከሳምንታት እስከ ወራት ተኝቶ ድንገት ይነቃል፣ አዲስ ትንኝ ሳትነክስህ ማለት ነው። ሁለት ሶስት ወር ቆይቶ ይመለሳል ያልከው ከታይፎይድ ይልቅ ከዚህ ጋር ነው የሚገጥመው። ደሙ ውስጥ ላለው ክሎሮኪን ወይም ኳርተም ይሰራል፣ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን የሚባለው ነው፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ። እሱን ደግሞ ከፋርማሲ ዝም ብለህ ገዝተህ እንዳትወስድ አደራ! አንዳንድ ሰው ላይ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ በሐኪም ነው የሚሰጠው። ቫይቫክስ ነው ብዬ እየማልኩልህ አይደለም፣ ሳይታይ ታለፈ ነው የምልህ።

ግርሻን ካነሳሁ አይቀር ለሌላውም አንባቢ ትንሽ ልበል። የሚያመጣው እንደ ታይፈስ ያው የልብስ ቅማል ነው፣ ግን ጀርሙ ሌላ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ስር ቁጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት ከአንድ የቀን ሰራተኛ ደም ላይ ነው፣ በቀይ ሴሎቹ መሀል የተጠማዘዘ ቀጭን ክር፣ ጸጉር የገባብኝ መስሎኝ ስላይዱን ቀይሬ ድጋሚ ሰራሁት፣ እዛው አለ። ሰውየው ሌላ ቦታ «ታይፎይድ» ተብሎ ሲፕሮ ይዞ ነው የመጣው። አምስት ስድስት ቀን ያቃጥላል፣ በላብ ይለቃል፣ ሳምንት ያህል ሰላም ይሰጥና ይደግማል፣ ስሙም ከዛ የመጣ ነው። በትክክለኛው መድኃኒት በአንድ ዶዝ ይድናል፣ ግን መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ሰዓታት ከባድ መንቀጥቀጥና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያመጣ ጤና ተቋም ተኝተው ነው የሚወስዱት። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት፣ ብርዱ ልብስ የማያስወልቅበት ቦታ ይወዳል፣ የቆሎ ተማሪ፣ የቀን ሰራተኛ፣ እስረኛ። የኛ ብቻም አይደለም፣ 2015 ላይ ከአፍሪካ ቀንድ በሊቢያ አድርገው አውሮፓ የገቡ ስደተኞች ላይ ሆላንድና ጀርመን ውስጥ ተገኝቶ ነበር፣ እዛ ያሉ ሐኪሞች ከመጽሐፍ ውጪ አይተውት አያውቁም። አንተ ላይ ግን ክፍተቱ ሁለት ሶስት ወር ስለሆነ ብዙም አልጠረጥረውም።

አሁን «የጠነከረ መርፌ የቱ ነው» ወዳልከው ልምጣ፣ ከጥያቄህ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ሰው «መድኃኒት ተላመደኝ» ሲል ሰውነቱ የለመደው ይመስለዋል። ሰውነትህ አይለምድም፣ የሚለምዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፣ እነሱም ካንተ ጋር አብረው አይሞቱም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳሉ። ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን በወሰድክ ቁጥር አንጀትህ ውስጥ ያሉ ምንም ያላደረጉህ ባክቴሪያዎች ይመታሉ፣ የተረፉት መቋቋም የቻሉት ናቸው፣ ይራባሉ። ነገ ባለቤትህን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዛት መድኃኒቱ እምቢ ሊል ይችላል፣ አንድ ቤት አንድ ማዕድ ነዋ።

ሰፋ አድርገህ ካየኸው ደግሞ 2016 ላይ ፓኪስታን ሲንድ ውስጥ ሃይደራባድ ከተማ የተነሳ ታይፎይድ አለ። ይሄኛው እውነተኛው ታይፎይድ ነው፣ በካልቸር (ባክቴሪያዋን ራሷን አሳድጎ በማየት) የተረጋገጠ። ክሎራምፌኒኮል አይነካውም፣ ሲፕሮ አይነካውም፣ አንተ ሰባት ቀን የተወጋኸው ሴፍትሪያክሶንም አይነካውም። በአፍ ከሚወሰደው አዚትሮማይሲን ብቻ ነው የቀራቸው፣ ከሱ ካለፈ ሆስፒታል ተኝተህ የምትወስደው ሜሮፔነም ነው፣ ዋጋውን ብነግርህ ማሾህን ሸጠህ አይበቃህም። በመንገደኛ እንግሊዝና አሜሪካም ደርሷል። ፓኪስታን መድኃኒት አልቆባት ነው እንግዲህ 2019 ላይ አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛው የህጻናት ክትባት ውስጥ ያስገባችው፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆና። በዛው በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች የተነሳ በቀጥታ እንደሞተ ተገምቷል፣ በዛ ዓመት ወባም ኤችአይቪም ለየብቻቸው ከገደሉት ይበልጣል። ያ ቁጥር ፓኪስታን ብቻ የሚሰራ ነገር አይደለም፣ እኛ ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ በአንድ ደቂቃ ስላይድ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የጠነከረ መርፌ አልነግርህም።

ታይፎይድ የለም እያልኩ ግን እንዳይመስልህ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 9 ሚሊዮን ሰው ይታመማል 110 ሺህ ይሞታል ብሎ ይገምታል። እውነተኛው ታይፎይድ ትኩሳቱ ቀን በቀን እየጨመረ ሳምንት አልፎ የማይለቅ ነው፣ ሆድ ያማል፣ ችላ ከተባለ በሁለተኛው በሶስተኛው ሳምንት አንጀት ይበሳል። ያንተ እንደዛ አይደለም። ማረጋገጫው የደም ካልቸር ነው፣ ደምህን ምግብ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው ባክቴሪያዋ ራሷ ስታድግ ያያሉ፣ ቀናት ይፈጃል፣ ከያዛቸውም ሰዎች ግማሽ ያህሉን ነው የሚያገኘው፣ አንቲባዮቲክ ጀምረህ ከሄድክ ደግሞ ይብሳል። ሁሉም ቦታ አይሰራም፣ ሪፈራል ሆስፒታል ጠይቅ።

ልጆችህን በተመለከተ፣ አብሮ በመቀመጥ በመሳም አይተላለፍም። ታይፎይድ በእጅ በምግብ በውሃ ነው። ከታይፎይድ ድነው ባክቴሪያዋ የማትለቃቸው ሰዎች አሉ፣ ከመቶ ከአንድ እስከ አምስት ቢሆኑ ነው፣ ግን የምትደበቀው ብዙ ጊዜ ሀሞት ከረጢት ውስጥ ነው እንጂ ደም ውስጥ አይደለም፣ የምትገኘውም በሰገራ ካልቸር ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ሜሪ ማሎን የምትባል ምግብ አብሳይ ነበረች፣ ራሷ ምንም ሳያማት የሰራችባቸውን ቤቶች ስትበክል 1907 ላይ ተይዛ በሁለት ዙር 26 ዓመት ተገልላ ኖረች፣ ሞቷም እዛው ነው 1938። ሚስኪን። አንተ ቤት ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ልጅ አልታመመም ብለሃል። ታይፈሱም ቢሆን ሰው ሳይሆን ልብስ ነው የሚያስተላልፈው። ሻርል ኒኮል የሚባል ፈረንሳዊ ቱኒስ ሆስፒታል ውስጥ 1909 ያስተዋለው እሱን ነው፣ ታካሚ እስከ መግቢያው ድረስ ሰው ያሲዛል፣ ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ዋርድ ከገባ በኋላ ግን ማንንም አያሲዝም፣ በሱ ኖቤል ተሸለመ። ሮቢት የምታድርበት አልጋ ካሳከከህ ልብስህንም ባናውንም ቀቅሉት ወይ ጸሐይ ላይ አስጥተህ በካውያ ስፌት ስፌቱን ተኩሰው፣ ነውር የለውም።

እናትህን አታስቀይማቸው፣ ተጠመቅ፣ መድኃኒትህን ግን አታቋርጥ።

ቀጣዩ ጊዜ ሲመጣ (ይመጣል ብዬ እሰጋለሁ) እንዲህ አድርግ። አንድም ኪኒን ሳትውጥ፣ ቤት የተረፈ ዶክሲ ቢኖርም ሳትነካው፣ እያንቀጠቀጠህ እያለ ሂድና «ሸዋ ሮቢት እያደርኩ ነው የምመጣው፣ ጣቴን ወግታችሁ ወባ እዩልኝ» በል፣ ራስህ ካልተናገርክ አይጠይቁህም። በስላይድ ይታይልህ፣ ነጌቲቭ ከሆነም ትኩሳቱ ካልለቀቀህ በማግስቱ ይደገም፣ አንዴ ነጌቲቭ ማለት የለም ማለት አይደለም። ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) እና ሽንትም ይሰራልህ። ሳል ካለህ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀህ፣ ከከሳህ የአክታ ምርመራ ጠይቅ፣ ሲፕሮ ቲቢን ለጊዜው አለዝቦ የመደበቅ አመል አለው። ዓይንህ ቢጫ ከሆነ፣ ከተዘባረቅክ፣ አንገትህ አልታጠፍ ካለ ግን ክሊኒክ ክሊኒክ ሳትል ቀጥ ብለህ ሆስፒታል ግባ። አራቱን ወረቀቶች አትጣላቸው፣ ቀኑን ከነመድኃኒቱ በተርታ ጽፈህ ለሐኪሙ አሳየው፣ ካንተ ወሬ ይልቅ ያ ተርታ ነው ብዙ የሚነግረው።

አንድ ነገር ግን አልነገርከኝም። ያቺ ብሩሴሎሲስ ያልኳት ካልተፈላ ወተት ነው የምትመጣው፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ መጣ ሄደ የሚል ትኩሳት፣ በዶክሲ ሳምንት ብትታከም ተመልሳ ትመጣለች ምክንያቱም ህክምናዋ ሁለት መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ነው። ሮቢት ስታድር፣ ገበያ ላይ ከአፋሮቹ የግመል ወተት ትጠጣለህ እንዴ? ጥሬውን?